ዘጠኝ ስብራት

ፖሶ ዴል ቶርዶ፣ ቻኮ
ማርች 6 ቀን 2005

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኡባልዶ ሶቴሎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህ እንዴት ሰንብቷል? እኔና ልጄ ቤቶ፣ የኢታቲዋ ድንግል ትመስገንና፣ ደህና ነን። አንተንም ባሕር ማዶ ባለህበት በካባዋ ትሸፍንህ።

ዘንድሮ አኩሪ አተሩ እስከ በራችን ድረስ መጥቷል። እናታችን ቲማቲም ትተክልበት የነበረው ቦታ ሳይቀር ታርሷል። የማሳው ባለቤት ዶን ሳቪኖ ቤቶን የአረምና የተባይ መድኃኒት የሚረጨው ማሽን ላይ ሾመውታል፤ ያቺን ክንፈ ረጅሟን፣ ሰዉ ትንኟ የሚላትን። ለመኖሪያም ከመጋዘኑ አጠገብ ያለችውን የጡብ ቤት ሰጡን። ከጭቃ ግድግዳ ወጣን ማለት ነው። ጣሪያዋ ግን ያፈሳል፤ ሳህን የማልደቅንበት ጥግ የለም። ከቻልክ ለጥቂት ቆርቆሮ የሚሆን ብትልክልኝ፤ ካልቻልክም አትጨነቅ።

ሌላው ወሬ፣ ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጥተው መድኃኒቱ ጎድቶን እንደሆነ ለማየት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ደማችንን ቀዱ። ዶኛ ኦቱሊያ ጎረቤታችን፣ «እኔን ብትወጉኝ የሚወጣው የማቴ ሻይ ነው፤ ደሜን ትንኝ ጨርሶታል» ብላ አዳራሹን በሳቅ ገደለችው። እኔን የጠየቀችኝ ዶክተር ኢርማ የምትባል ሴት ናት።

«ሥራሽ ምን ነበር?» አለችኝ።

«ባንዲራ ያዢ።»

«ወታደር ነበርሽ እንዴ?»

መድኃኒት የሚረጨው አውሮፕላን መስመሩን እንዳይስት አንተ በማሳው በዚህ ጫፍ፣ እኔ በዚያ ጫፍ ቆመን ነጭ ጨርቅ እናውለበልብ እንደነበር ነገርኳት። «አውሮፕላኑ ሲመጣስ የት ትሄጂ ነበር?» አለች። «የት እሄዳለሁ? ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን፣ ከዚያ ቀጣዩ መስመር።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ስንት ዓመት እንዲህ ቆማችሁ?» አለችኝ። እኔ ስምንት ዓመት፣ አንተ ስድስት ዓመት ብዬ አስመዘገብኩ። «ወንድምሽም ባለበት አገር ይመርመር፤ ደሙ ውስጥ የምንፈልገውን ወረቀት ላይ እጽፍልሻለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። እባክህ ወንድምዬ፣ ሂድና ታይ።

እህትህ ኔሊዳ

*

ኤል ኤሂዶ፣ አልሜሪያ፣ ስፔን
ኤፕሪል 10 ቀን 2005

ውድ እታለም፣

ሰላምታዬ ከበርሽ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንደ ጥንቱ ቀጭን፣ እንደ ጥንቱ ቆንጆ።

ለጣሪያው የሚሆነውን በተለመደው መንገድ ልኬልሻለሁ። ወፍራሙን ቆርቆሮ ግዢ፤ ቀጭኑን ንፋስ ሲወስደው አይተናል። ቤቶንም እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ። እኛ በእግራችን ቆመን፣ እሱ በወንበር ተቀምጦ! ቤተሰቡ ከፍ እያለ ነው።

የኔ ሥራ ቀላል ነው። አትክልት ከሚበቅልባቸው የላስቲክ ቤቶች ውጪ ባለው መጋዘን፣ ጥላ ሥር፣ ቃሪያ በሳጥን እደረድራለሁ። ቀዩን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ። አብሮኝ የሚኖረው ኢድሪስ የሞሮኮ ሰው ነው፤ ማቴ አቀመስኩትና «አገርህ ሣር ቀቅለው ነው የሚጠጡት?» አለኝ። አሁን ከኔ ቀድሞ ነው ውሃ የሚጥደው።

ስለ ደሙ የጻፍሽውን አየሁት። እታለም፣ እዚህ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የአንድ ቀን ሥራ መተው ነው። አንቺ ከኔ ሁለት ዓመት በላይ ቆመሻል። ያንቺ ደም ደህና ከሆነ የኔማ ወተት ነው። ውጤቱ ሲመጣ ጻፊልኝ፤ ያንቺ ለሁለታችንም ይበቃናል።

ድንግል አትለይሽ።

ወንድምሽ ኡባልዶ

*

ፖሶ ዴል ቶርዶ
ጁላይ 21 ቀን 2005

ይድረስ ለወንድሜ ለኡባልዶ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ ምስጋና ለላይኛው።

ቆርቆሮው ተመታ። ወፍራሙን ነው የገዛሁት። ዝናብ ሲጥል አሁን ድምፁን ብቻ ነው የምንሰማው።

የደሙ ውጤት መጣ። ደህና ነው። ምንም የለብኝም አሉኝ። የሌሎቹን አላውቅም፤ ስብሰባ ጠርተው ነበር፣ ውጤቱን በአደባባይ ለመናገር ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ይስጥ ሲሉ እኔ ሥራ ስለነበረኝ ሳልቆይ ወጣሁ።

ብርዱ ዘንድሮ ከብዷል። ዶኛ ኦቱሊያ ሁለት ፍየል ሞቱባት። በደንብ ብላ፤ ፎቶግራፍህ ላይ አንገትህ ቀጥኗል። እስቲ የምትበላውን ጻፍልኝ።

እህትህ ኔሊዳ

*

ኤል ኤሂዶ
ሴፕቴምበር 12 ቀን 2005

ውድ እታለም፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ከኢድሪስ ጋር በግ ጠበስን። ምንድን ነው በዓሉ ሲለኝ «የእህቴ ደም ተቆጥሮ ሙሉ ሆነ!» አልኩት። ስምንት ዓመት ቆመሽ እንኳ መድኃኒቱ አልነካሽም። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከማርቹ ደብዳቤሽ ወዲህ ይሄ ሐሳብ ከብዶኝ ነበር። አሁን ወረደልኝ።

የምበላውን ጠይቀሽኛል። እበላለሁ፤ ግን በጋው ጎድቶኛል። በላስቲኩ ሥር ያለው ሙቀት ሰው ይቀቅላል። ደረጃ ስወጣ እንደ ሽማግሌ አርፋለሁ። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል፤ ርካሽ ቡርሽ ገዝቼ ነው። ኢድሪስ እንደ አማት ይጨቀጭቀኛል።

«ክንድህ በልዟል፤ ማን መታህ?» ይለኛል።

«ሳጥን።»

«ሳጥኑ በየቀኑ ነው የሚመታህ? ሂድ ታይ!»

«የእናቴ ልጅ ታይታልኛለች» አልኩት። ውሃ ሊጥድ ተነሣ።

ለቤቶ ጫማ ልልክለት ነው። የእግሩን ቁጥር ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

*

ፖሶ ዴል ቶርዶ
ኦክቶበር 9 ቀን 2005

ኡባልዶ ወንድምዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። የቤቶ እግር አርባ ሦስት ነው፤ ጫማው ግን ይቆይ። ጫማ አልፈልግም። ለኔም ምንም አትላክ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ሐኪም ዘንድ ሂድ። ስለ ድድህ ብቻ ሂድ። አባታችንም ጥርሱን ቸል ብሎ ነው በአርባ ዓመቱ ድዱን የቀረው። የምትተወውን የሥራ ቀን ዋጋ እኔ ልላክልህ? ዶሮዎቼን እሸጣለሁ። ደም ብቻ ይዩልህ፤ ተራውን የደም ምርመራ። የኔን ከጉዳዩ አውጣው። የኔ የኔ ነው፤ ያንተ ያንተ ነው።

እንደ ታላቅ እህት ስለምንህ እምቢ አትበለኝ።

ኔሊዳ

*

ፖሶ ዴል ቶርዶ
ዲሴምበር 18 ቀን 2005

ወንድሜ፣

ከሴፕቴምበር ወዲህ ደብዳቤህን አላየሁም። ከተማ ወርጄ በሰጠኸኝ ቁጥር ደወልኩ፤ የማላውቀው ቋንቋ የሚናገር ሰው አነሳና ተቋረጠ። ለገና አንድ መስመር ጻፍልኝ። ሄድክ ወይ?

ኔሊዳ

*

አልሜሪያ፣ ሆስፒታል
ጃንዋሪ 28 ቀን 2006

ውድ እታለም፣

ዝም ስላልኩ ይቅር በይኝ። የኦክቶበሩ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ለድዴ ብዬ የሥራ ቀን አልተውም ብዬ አስቀመጥኩት። ዲሴምበር ላይ ሥራ ቦታ ወደቅኩ። ኢድሪስ ነው ተሸክሞ ያመጣኝ።

የደም ካንሰር ነው እታለም። ስሙን ሦስት ጊዜ አስጻፍኳቸው፤ እንዲህ ነው የሚሉት። የመጀመሪያውን መድኃኒት ጨርሻለሁ። ፀጉሬ ሄዷል፤ ደግነቱ ድሮም ብዙ አልነበረም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቶሎ ቶሎ ነው የምትናገረው። የሚያድነኝ የሰው መቅኔ ነው አለችኝ፤ ከሁሉም የወንድም ወይም የእህት ይሻላል።

«እህት አለህ?» አለችኝ።

«አንድ አለችኝ» አልኳት። «ደሟም ባለፈው ዓመት በዩኒቨርሲቲ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኗል።»

በጣም ደስ አላት። እንግዲህ ሁለት ነገር ነው የምፈልገው። ሬሲስቴንሲያ ከተማ ወርደሽ የመቅኔሽ ዓይነት ከኔ ጋር ይገጥም እንደሆነ ለማየት ደም ስጪ፤ ሆስፒታሎቹ ተጻጽፈዋል። ሌላው ያ የዩኒቨርሲቲው የውጤት ወረቀት ነው። ሐኪሟ ልታየው ትፈልጋለች። እሱን ላኪልኝ።

ድንግል ትርዳን።

ኡባልዶ

*

ፖሶ ዴል ቶርዶ
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2006

ወንድሜ ኡባልዶ፣

ሰላምታ ለማቅረብ አፍ የለኝም። ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሳታነበው በፊት ከኔ ስማ።

ዋሽቼሃለሁ። ደሜ ደህና አይደለም።

በጁላይ ዶክተር ኢርማ ለብቻዬ ጠርታ አስቀመጠችኝ። «በእያንዳንዷ የደምሽ ሴል ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ ክሮች አሉ። ሴሏ እንዴት እንደምትሠራ የተጻፈው እነሱ ላይ ነው» አለችኝና ፎቶግራፍ አሳየችኝ። የተበተነ የክብሪት እንጨት ይመስላል። «ይሄ ተሰብሯል። ይሄኛው ደግሞ ተሰብሮ ከማይመለከተው ጋር ተጣብቋል።»

«ስንት ነው የተሰበረው?» አልኳት።

«ከመቶ ሴል አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ስብራት ባገኝ አይገርመኝም ነበር። ያንቺ ዘጠኝ ነው።»

«ታዲያ ካንሰር አለብኝ?»

«የለብሽም። ይሄ በሽታ አይደለም። ግን ስብራት የበዛባቸውን ብዙ ሰዎች ለዓመታት ስንከታተል፣ ካንሰር ከሌላው ሰው ይልቅ እነሱን ይበልጥ ሲይዝ አይተናል። ከመሃላቸው ማንን እንደሚይዝ ግን ደሙ አይነግረንም።»

«እሱን ካልነገረኝ ምን ነገረኝ?» ብዬ ተቆጣሁ። እሷ አልተቆጣችም። «ከመድኃኒቱ ራቂ፤ በየዓመቱ ታዪ። ለወንድምሽም ጻፊለት» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ዶን ሳቪኖ መጡ። ከመኪናቸው እንኳ አልወረዱም።

«ኔሊዳ፣ ደምሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ዶን ሳቪኖ።»

«ጎሽ። ቤቶም ደህና ሠራተኛ ነው። ቤቱም ደህና ቤት ነው።»

ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነው ላንተ የጻፍኩት። ለሳቸው ያልኩትን ላንተ ደገምኩት። አንዴ ከአፌ ከወጣ ወዲያ ለመጻፍ አልከበደኝም። እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ ብዬ ነው አልኩ። ግን ቤቱን ፈርቼ ነው። የቤቶን ወንበር ፈርቼ ነው። ድድህ ደማ ብለህ ስትጽፍልኝ ነገሩ ገባኝ፤ ያን ጊዜም እውነቱን አልጻፍኩልህም። በአባታችን ጥርስ ላይ አላከክኩት።

ሬሲስቴንሲያ ወርጄ ደም ሰጥቻለሁ። ስለ ዘጠኙ ስብራትም ነግሬያቸዋለሁ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና «መጀመሪያ ይግጠም እንጂ፤ ከገጠመ ይመከርበታል» አለ። የሱን መልስ እየጠበቅኩ ነው።

ይቅር በለኝ አልልህም። ደብዳቤዬን ባትመልስም አይገርመኝም።

ኔሊዳ

*

አልሜሪያ
ማርች 17 ቀን 2006

ኔሊዳ፣

ሐኪሟን ጠየቅኳት። «በጁላይ መጥቼ ቢሆንስ?» አልኳት። «እሱን ማንም ሊነግርህ አይችልም» አለችኝ። ዓይኗን ወደ መስኮት አዞረች።

ካንቺ ደብዳቤ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የፈለግኩት። «ሂድና ታይ» የምትለውን በማርች ጽፈሻት ነበር፤ በጁላይ ወሰድሻት። በግ ነው ያረድኩት! ባንቺ ውሸት ላይ ተቀምጬ በግ በላሁ፤ ኢድሪስንም አፉን አስያዝኩት። እስካሁን አፍሮ ዓይኔን አያየኝም፤ እኔ ነኝ ማፈር የነበረብኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልንገርሽ። ቃሪያ ደርድሬ አላውቅም። መጋዘን የለም፣ ጥላም የለም። ከመጣሁ ጀምሮ ጀርባዬ ላይ የመድኃኒት ጋን ተሸክሜ በላስቲኩ ውስጥ የምረጨው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሥራውን ሲሰጡኝ «ልምድ አለህ?» አሉኝ፤ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ» አልኳቸው። ለምን እንደዋሸሁሽ አላውቅም። አንቺ እንድታስቢ ያልፈለግኩትን እኔም ላለማሰብ ይሆናል።

ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ ውሸታም አንቺ ብቻ አይደለሽም። ያንቺ ግን ዋጋው ሌላ ነው። ተናድጄብሻለሁ። ይሄ ንዴት መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም።

ቤቶን ከዚያ ማሽን አውርጂው። ሌላ የምለምንሽ ነገር የለም።

ኡባልዶ

*

ፖሶ ዴል ቶርዶ
ኤፕሪል 30 ቀን 2006

ወንድሜ ኡባልዶ፣

ከእንግዲህ ደስ የሚል ነገር ፈልጌ አልጽፍልህም፤ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የምትጠብቀውን። አልገጠመም። መግጠም ካለባቸው ስድስት ምልክቶች ሦስቱ ብቻ ናቸው የገጠሙት አሉኝ። እንደገና እዩት አልኳቸው፤ እንደገና አዩት። በሦስተኛው ለምኜ ስሄድ ነርሷ እጄን ይዛ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ስብራቱ አይደለም ምክንያቱ፤ ወንድምና እህት ሆነንም መቅኔያችን ተለያይቶ ነው። እዚያ በመቅኔ ለጋሾች መዝገብ ላይ ካሉት ከማያውቁህ ሰዎች መሃል ይፈልጉልህ፤ ይሄንን አስጽፌያለሁ።

ሁለተኛ፣ ዶክተር ኢርማ ስብሰባ ስትጠራ ሄድኩ። ዶን ሳቪኖ የፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ቤቶ ከኋላ ቆሟል። ተነሥቼ ስሜን ተናገርኩ፤ «ከመቶው ዘጠኝ ነው» አልኩ። «ከማሳው በዚያኛው ጫፍ ይቆም የነበረው ወንድሜም ዛሬ በስፔን አገር ተኝቷል» አልኩ። ዶኛ ኦቱሊያ ተነሣችና «የኔ ሰባት ነው፤ ተቀመጪ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ ሌሎች ተናገሩ፤ ሁሉም አይደሉም።

ቤቶ ውጪ ጠበቀኝ። «ደማችንን አደባባይ ላይ አሰጣሽው» አለኝ። «የሶቴሎ ዘር የተሰባበረ ነው ሲሉ፣ ማን ነው ልጁን የሚድርልኝ?» ማሽኑን ተው ስለው፣ «ትቼ ምን ልብላ? ዘጠኝሽን?» አለኝ። አልወረደም፣ ኡባልዶ። ለምኜዋለሁ፣ ተንበርክኬም ለምኜዋለሁ። ዛሬም ማሽኑ ላይ ነው።

ዶን ሳቪኖ ሰው ልከው ቤቱ ለአዲስ ሠራተኛ ይፈለጋል አሉ። ቤቶ መጋዘኑ ውስጥ ያድራል። እኔ ከዶኛ ኦቱሊያ ወጥ ቤት ጀርባ ተጠግቻለሁ። ዳኛው የመንደሩ ሰው ርጭቱ ከመንደር ይራቅ ብሎ ያቀረበውን አቤቱታ እያየው ነው ይላሉ። እስኪያይ ድረስ፣ ከአጨዳው በፊት የሚረጨውን ማክሰኞ ዕለት ረጩት፤ ንፋሱ ወደኛ ነበር።

ፓስፖርት አመልክቻለሁ። ለመምጣት እሞክራለሁ።

እህትህ

*

አልሜሪያ
ሜይ 24 ቀን 2006

ውድ እታለም፣

ብዕር መያዝ ስላቃተኝ ኢድሪስ ነው የሚጽፍልኝ። የፊደል ስህተት ካገኘሽ የሱ ነው፤ መርገሙ ካለ የኔ ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። «አልገጠመም» የምትለው ላይ ሲደርስ ኢድሪስ ሊዘላት ሞከረ፤ ፊቱ ላይ አየሁበትና አስመለስኩት። ካንቺ እጅ ማወቄ ደግ ነው። ከዚህ ወዲያ ስለ ዘጠኙም ስለ ጁላዩም አትጻፊልኝ። ንዴቱ አልሄደም፤ ግን መናደድ አቅም ይጠይቃል፣ አቅሜን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ።

መዝገቡ ላይ የሚገጥመኝ ሰው አልተገኘም። ሁለተኛው መድኃኒትም አልያዘም። ፓስፖርትሽን ተይው፤ አትደርሺም። ገንዘቡን ለቤት ኪራይ አድርጊው፤ ከዶኛ ኦቱሊያ ወጥ ቤት ጭስ ውጪ።

ከዚህ ጋር የታጠፈችው ወረቀት ለቤቶ ናት። ልመና አይደለችም። የት የት እንዳመመኝ፣ መቼ እንደጀመረኝ፣ አንድ በአንድ ነው ያስጻፍኩለት። ማሽኑ ላይ እያለ ያንብባት። ክንዱ ከበለዘ ሳጥን ነው እንዳይል።

ከእንግዲህ በሆስፒታሉ አድራሻ አትጻፊ። ዓርብ ወደ ቤት ይሸኙኛል። ሐኪሟ «ወደ ቤት» ስትል ቶሎ ቶሎ አልተናገረችም። ቤት የምትለው ከኢድሪስ ጋር የምንጋራውን ክፍል ነው። መስኮቱ ከላስቲክ ቤቶቹ ፊት ለፊት ነው። ሲረጩ ኢድሪስ ይዘጋዋል።

ወንድምሽ ኡባልዶ